የዋጥኩት ገጽ

ማንበብ የቻልኩት ቶሎ ነው፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በስድስት ዓመቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን፣ በሰባት ዓመቴ የውሃ ቤቱን ማስጠንቀቂያ፣ በስምንት ዓመቴ ደግሞ የሰው ደብዳቤ አነብ ነበር። በሰፈራችን ከትልልቆቹ ግማሾቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከቀሩትም የብዙዎቹ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ወረቀት የደረሰው ሁሉ እናቴን «እስቲ ልጅሽን አውሺኝ» ይላታል። እናቴም እኔን ልክ እንደ ወንፊት ታውሳቸው ነበር።

አንድ ሕግ ግን ነበራት። «ክፉ ነገር በልጅ አፍ አይነገርም» ትላለች። በማነበው ወረቀት ውስጥ ሞት፣ ሕመም፣ እስር ወይም ፍቺ ካጋጠመኝ፣ ድምፄን ሳልቀይር ዘልዬው ማለፍ አለብኝ። በቤታችን ይሄ «መዋጥ» ይባል ነበር። ስመለስ እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ዛሬስ የዋጥሽው አለ?» ትለኛለች። ካለ በጆሮዋ እነግራታለሁ። እሷ ጫማዋን ቀይራ እዚያ ቤት ትሄድና፣ ከባለ ደብዳቤው ጎን ተቀምጣ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው በሚናገርበት አነጋገር ትነግረዋለች። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ አንብቤ በወጣሁበት ቀን እናቴ በሩን ካንኳኳች፣ ገና አፏን ሳትከፍት ማልቀስ የሚጀምሩ ነበሩ። ካላንኳኳች ደግሞ «ተመስገን፣ ደህና ነው ማለት ነው» ብለው ጋደም ይላሉ።

ከማነብላቸው ሰዎች ሁሉ የምወዳት ፍራሽ ሰሪዋን ነበር። ቤቷ ከመንገዱ በታች ባለው ረድፍ፣ ከኛ ደጃፍ ትይዩ ነው። ሰው የተጋገረ ፍራሹን ተሸክሞ ያመጣላታል። ሽፋኑን ትተረትርና ጥጡን ግቢዋ ውስጥ ሸራ ላይ ትዘረግፈዋለች፤ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ በቀጭን በትር እየደበደበች ታፍታታዋለች፤ ከዚያ መልሳ ሞልታ በጆንያ መርፌ ትሰፋዋለች። ጠዋት ድንጋይ የነበረው አመሻሽ ላይ ተነፍቶ ይሄዳል። ቅንድቧ ላይ ጥጥ የማይጠፋ፣ ስታስነጥስ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። «ባልየው በየት በኩል እንደሚተኛ፣ ሚስትየዋ ምን እንደደበቀች፣ ፍራሹ አንድ አይደብቀኝም፤ ግን እኔ አፌን እንደ መርፌ ቀዳዳ አጥብቤ ይዣለሁ» ትላለች። ከእናቴ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ። እናቴ ካሮቷን በሳህን ይዛ መንገዱን ትሻገርና ጥጡ አጠገብ ተቀምጣ ትልጣለች፤ ሲስቁ ከቤት ይሰማኛል። ፍራሽ ሰሪዋ እኔን «ዓይኔ» ትለኝ ነበር። «ዓይኔ፣ ነይ እስቲ፣ ይቺ ወረቀት ምን እንደምትቀባጥር ንገሪኝ።»

ከተማችን ታላቁን የስፖርት ጨዋታ ለማስተናገድ ከሌሎች ከተሞች ጋር ትወዳደራለች የተባለው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። እኔን መጀመሪያ የገረመኝ ትልልቅ ሰዎች ስለ ጨዋታ ሲጣሉ ማየቴ ነበር። እኛ መንገድ ላይ ኳስ ስናንከባልል የሚያባርሩን ሰዎች፣ በየደጃፉ ቆመው «ይምጣ፣ አይምጣ» ይባባላሉ። አንዱ «አስፋልት ይገባልናል» ይላል። ሌላው «ለሃያ ቀን ሩጫ ስንት ቤት ሊፈርስ ነው» ይላል። እኔ በልጅ ጭንቅላቴ ሯጮቹ በኛ ደጃፍ የሚያልፉ፣ ውሃ የሚለምኑን፣ አንዱም ቤታችን ገብቶ ጫማውን የሚያስር መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ቤታችን ይመጣ የነበረው በአጎቴ በኩል ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ሰዉ «መግለጫ» ብሎ አውጥቶለታል፤ ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ «በአሁኑ ሰዓት ጨው እንደሚያስፈልግ ታምኖበታል» የሚል ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን መቀለዱን ተወ። ሻዩ እየቀዘቀዘበት ለእናቴ ያማርራል።

«የወንዝ ማዶ ሰፈር ሰዎች ቦታቸውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። የነሱ ተወካይ የሚያድረው ከንቲባው ጆሮ ውስጥ ነው። እኛ አሥራ አንድ ቤት ማስማማት አቅቶን የመለማመጃ ሜዳውን ለነሱ ልንሰጥ ነው! ከአሥራ አንዱ ስምንት ከፈረመ ሜዳው በኛ በኩል ይሆናል። ሰባት አለኝ። ሦስቱ ዓይንህን ላፈር ብለውኛል። የቀረችኝ ጓደኛሽ ናት።»

«መነሳት ያልፈለገስ ምን ይሆናል?» አለች እናቴ።

«ያልፈለገ ይቀመጣላ! ማን ያስገድዳል? ወረቀቱ ድጋፍ ነው፣ ድጋፍ ብቻ።»

«ማልልኝ።»

«በእናታችን አፈር!» አለ አጎቴ።

እናቴ አመነችው። ወንድሟ ነው፤ የማለውም በእናቱ መቃብር ነው። አሥራ አንዱ ቤቶች የታችኛው ረድፍ እንደሆኑና የኛ ቤት የላይኛው ረድፍ ላይ በመሆኑ እንደማይነካ፣ እንዲያውም አስፋልቱ በኛ ደጃፍ እንደሚያልፍ፣ እኔ ያኔ አላያያዝኩትም። እናቴ አያይዛው እንደሆነ አላውቅም። ሳልጠይቃት ሞተች።

ፍራሽ ሰሪዋ ግን በማንም መሐላ የምትፈርም ሰው አልነበረችም። «ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። ወረቀቱ ራሱ ይናገር። ዓይኔ ታንብብልኝና እፈርማለሁ፤ ሌላ ሰው ካነበበው ግን ጣቴን አላነሳም» አለች አሉ።

አጎቴ በማግስቱ ነጭ ቀሚስና ነጭ ጫማ ይዞልኝ መጣ። ከተማዋን ለማየት የሚመጡት ገምጋሚዎች በሰፈራችን ሲያልፉ አበባ የምትሰጥ አንዲት ልጅ ታስፈልጋለች፤ እሷም እኔ ነኝ! ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ቀሚሱን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ስበላም ስጽፍም እሱን ነበር የማየው። ትምህርት ቤት ውስጥ ለሁሉም አወራሁ፤ በተለይ ለሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ምክንያቱም እሷም አበባውን ትፈልግ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጎቴ ወረቀቱን በፕላስቲክ አቃፊ አድርጎ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። መንገዱን ስንሻገር እጄን ያዘ።

«የመጀመሪያውን ገጽ ጎላ አድርገሽ አንብቢላት» አለኝ። «ሁለተኛው የሕግ ነገር ነው፤ ደረቅ ነው፤ ሰው ያስጨንቃል። እሱን እንደምታውቂበት ዋጥ አድርጊው።»

«ለእናቴስ?»

«ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ አታስቢ። ስምንተኛው ፊርማ ከሌለ ግን ገምጋሚዎቹ በዚህ በኩል አያልፉም። እነሱ ካላለፉ ደግሞ አበባ የለም።»

አጎቴ ማዕዳችን ላይ እየተቀመጠ ስንት ጊዜ በመዋጤ ስቆብኛል። «ይቺ ልጅ ለመንግሥት ታስፈልጋለች» እያለ ይቀልድ ነበር። ያን ቀን የመረጠኝ ማንበብ ስለምችል መስሎኝ ኮራሁ። የመረጠኝ መዝለል ስለምችል እንደሆነ የገባኝ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው።

ግቢው ውስጥ ጥጡ ተዘርግቶ ነበር፤ አፍንጫ ይበላል። ፍራሽ ሰሪዋ በትሯን ጥላ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ለእኔ ተሰፍቶ ያለቀ ፍራሽ አሳየችኝና ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አጎቴ በሩ ላይ ቆመ።

«እኛ የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከተማችን ታላቁን የስፖርት ጨዋታ እንድታስተናግድ ያለንን ሙሉ ድጋፍ በደስታ እንገልጻለን…» ድምፄን እንደ ራዲዮ ሰዎች አደረግኩት። ስለ ወጣቶች ተስፋ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ንጹሕ ጎዳና አነበብኩ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። «እሺ… መልካም… ይሄማ ምን ክፉ አለው» ትላለች።

ገለጥኩ። ሁለተኛው ገጽ አጭር ነበር። «ቦታው ለመለማመጃ ሜዳ በሚፈለግበት ጊዜ ቤቴንና ግቢዬን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቅቄ፣ በሚሰጠኝ ምትክ መኖሪያ ለመግባት ተስማምቻለሁ።» በዓይኔ አነበብኩት። ገብቶኝ ነበር ወይ? ለራሴ ብዙ ዓመት «አልገባኝም ነበር» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። «ምትክ» የሚለው አልገባኝም፤ «ለቅቄ» የሚለው ግን ገብቶኛል። ቀና ስል አጎቴ ያየኛል። እዚያው ላይ ዋጥኩትና ታች ያለውን ቀንና ቦታ ብቻ አነበብኩላት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማማ።»

አየችኝ፤ ወረቀቱንም አየች። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ተጫነችው። ጣቷ ላይ የነበረ የጥጥ ብናኝ ቀለሙ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። አጎቴ እፍ፣ እፍ ብሎ ሊያነሳው ሞከረና ተወው። እሷም ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ፤ በላሁት።

ቤት ስገባ እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ዛሬስ የዋጥሽው አለ?» አለችኝ።

አጎቴ አልነገራትም ማለት ነው። ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ግን ቀሚሱ ግድግዳው ላይ አለ። ብነግራት ጫማዋን ትቀይራለች፣ መንገዱን ትሻገራለች፣ ፍራሽ ሰሪዋ ተነስታ ፊርማዋን ታሰርዛለች፣ አበባውም ይቀራል። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ልጅ አያስብም የሚል ሰው ልጅነቱን የረሳ ነው።

«የለም» አልኩ።

«ጎሽ» አለችና የሚታጠፈውን አንሶላ አንዱን ጫፍ አቀበለችኝ።

ገምጋሚዎቹ በሦስት መኪና መጡ። መንገዱ ታጥቦ፣ የታችኛው ረድፍ አጥር በኮሚቴው ቀለም ተቀብቶ ነበር። አንዲት ረዥም ሴት ወርዳ አበባውን ተቀበለችኝ፤ ጉንጬን ነካ አድርጋ አበባውን ለሾፌሯ ሰጠችው። ሾፌሩ ከኋላ ወንበር ላይ ወረወረው። አራት ደቂቃ ቢቆዩ ነው። እኔ ግን ጨዋታውን በእጄ ያመጣሁት ያህል ሆኜ፣ ነጩን ጫማ ሳላወልቅ ዋልኩ። ፍራሽ ሰሪዋ ከደጃፏ ሆና አጨበጨበችልኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ማስታወቂያው በስምንቱም፣ በሦስቱም በሮች ላይ ተለጠፈ። ሠላሳ ቀን ይላል። ያልፈለገ ይቀመጣል የተባለው ወሬ ሆኖ ቀረ። ሰፈሩ ተተራመሰ። እናቴ አጎቴን ደጃፍ ላይ አስቁማ ስትጮህበት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት፤ እሱም «ከበላይ የመጣ ውሳኔ ነው» እያለ ይደጋግማል። ሦስቱ ያልፈረሙት አቤት አሉ። ከፈረሙትም አንዷ አቤት አለች፤ ፍራሽ ሰሪዋ።

አቤቱታው የተሰማው በአስተዳደሩ አዳራሽ ነው። እናቴ ለጓደኛዋ ልትቆም ሄደች፤ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሌላ ደህና ጫማ ስላልነበረኝ ነጩን አድርጌያለሁ። መድረኩ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሃል ያለችው መነጽር ያደረገች ሰብሳቢ ናት። ወረቀቱን አንስታ ጥጥ የተጣበቀበትን አሻራ በጥፍሯ ነካ አደረገችው።

«ይሄ የእርስዎ ጣት ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ማን አነበበልዎት?»

ፍራሽ ሰሪዋ ዞር ብላ ወንበሮቹን አየች። እኔን አየችኝ። እናቴ ወረቀቱ ድጋፍ ብቻ መስሏት፣ ምንም ሳታውቅ እጄን ይዛ ተቀምጣለች። በቃ፣ አሁን ስሜን ትጠራለች ብዬ ጫማዬን ወንበሩ ስር ደበቅኩ።

«ማንም አላነበበልኝም» አለች።

«ሳይነበብልዎት ነው የፈረሙት?»

«አዎ። በራሴ።»

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እንግዲያው በራስዎ ፈቃድ ፈርመዋል ማለት ነው» አለችና ጻፈች። አለቀ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ረስታዋለች ብዬ አሰብኩ። አርጅታለች፣ ወይም አላነብም ብላ በሰው ፊት ስላፈረች ትታበያለች አልኩ። ከዚያም ደስ አለኝ። እየተመለስን መንገዱን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቶሎ ሆነ። ፍራሽ ሰሪዋ ዕቃዋን በጋሪ ስትጭን እናቴ ልታግዛት ሄደች፤ ያልተሰፋ ፍራሽ ጫፉን ያዘች። ፍራሽ ሰሪዋ ቀስ ብላ ፍራሹን ከእጇ አስለቀቀቻት፤ ፊቷንም አዞረች። እናቴ መንገዱ መሃል ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ተሳፍራ አዲሱ ሕንፃ ድረስ ሄዳለች፤ ሁለት ጊዜም በሩ አልተከፈተላትም። «ምን አደረግኳት?» ትል ነበር፤ ለአባቴ፣ ለጎረቤት፣ ለራሷ። «የወንድሜን ጥፋት በኔ አደረገችው መሰል።» እኔም የላይኛው ረድፍ ስላልፈረሰ ቀንታ ነው ብዬ አመንኩ። እንዲህ ብዬም እናቴን አጽናናኋት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጨዋታውን ከተማችን አላገኘችውም። የወንዝ ማዶዎቹም ሜዳውን አላገኙም፤ ጨዋታው ሌላ አገር ሄደ። በራዲዮ ሲነገር አጎቴ ሻዩን አስቀምጦ «የውድድሩ ውጤት በጸጋ መወሰድ እንዳለበት…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አሥራ አንዱ ቤቶች ግን ቀድመው ፈርሰዋል። ቦታው ታጥሮ፣ ውሃ አቁሮ ስንት ዓመት ቆየ። እናቴ በየቀኑ በመስኮት እያየችው ኖራ፣ እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ቀበርኳት።

ዛሬ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምሠራው መሬት መዝገብ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት የድሮ ፋይሎች ስናዛውር የዚያን የአቤቱታ ቀን ቃለ ጉባኤ አገኘሁት። «ማንም አላነበበልኝም» ይላል። ከኋላው የተያያዘውን መመሪያም አነበብኩት፤ ይሄኛውን ሳልዘል። ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ የሚጸናው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አንብቦለት ከሆነ፣ ወይም ሳይነበብልኝ በፈቃዴ ፈርሜያለሁ ብሎ ራሱ ካመነ ነው። «አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት ያነበበችልኝ» ብትል ኖሮ፣ ፊርማው ይሰረዝ ነበር። ሰባት ይቀሩ ነበር። አንድም ቤት አይፈርስም ነበር።

ሦስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስታገል ቆይቼ ፍራሽ ሰሪዋ ዘንድ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ቅንድቧ ላይ ምንም የለም፤ ፍራሽ መሥራቱን ከገባችበት ዓመት ጀምሮ ትታዋለች፤ ጥጥ በረንዳ ላይ አይዘረጋም። ስሜን ከነገርኳት በኋላ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ።

«ዓይኔ» አለች። «ሸበትሽ እኮ።»

ተንበርክኬ ተናገርኩ። ገጹን እንደዘለልኩ፣ አጎቴ ያለኝን፣ አበባውን፣ ቀሚሱን። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ አልተሰማም መሰለኝ።

«ተነሽ፣ ተነሽ፣ ጉልበትሽ ይጎዳል» አለችኝ። «መዝለልሽን አይቼ ነበር። ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ አፍሽ ዝም አለ። እኔ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

«ካዩኝ ለምን ፈረሙ?»

«የዋጥሽው ነገር ካለ እናትሽ መጥታ ትነግረኛለች ብዬ ነዋ! ክፉ ከሆነ ደግሞ ወንድሟን አንቃ የምትይዝልኝ እሷ ናት። ፊርማ ማለት በማግስቱ ሄጄ የማስሰርዘው መስሎኝ።»

«አዳራሹ ውስጥስ? ልጅቷ ናት ቢሉ ኖሮ…»

«አውቃለሁ። በር ላይ አንድ የሕግ አዋቂ ነግሮኝ ነው የገባሁት። ግን አየሁሽ፤ ጫማሽን ወንበር ስር ደብቀሽ ትንቀጠቀጫለሽ። አስነስተው ‹ለምን ዘለልሽ› ሊሉሽ ነው። ልጅ በሸንጎ ፊት ውሸታም ከተባለች ስሙ እስከ መቃብሯ አይለቃትም። ቤትማ ቤት ብቻ ነው አልኩ።» ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችልኝ። «አንቺን አልተቀየምኩም። ልጅ ነበርሽ፤ የታዘዝሽውን አደረግሽ። የተቀየምኩት እናትሽን ነው።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ያን ሰኞ አመሻሹን በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኳት። ወንበር ሁሉ አውጥቼላት ነበር። አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም። እንግዲህ ክፉ ነገር የለውም ብዬ ተውኩት። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ነው የገባኝ፤ ልጇ ነግራታለች፣ እሷ ለወንድሟ ስትል ዝም አለች። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤቴን ለአስፋልት ለወጠችው።» ድምጿ ጠነከረ። «ስትሞት ሰምቻለሁ። ቀብሯ አልሄድኩም። አልጸጸትም።»

እዚያ ላይ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ይቅርታዬን በእጄ ይዣለሁ፤ ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት እችላለሁ። እናቴ እንደሆነች ሞታለች፤ ምን ትሆናለች? አሰብኩት፤ አላሰብኩም አልልም።

«እማማ» አልኩ። «እናቴ አታውቅም ነበር።»

«እንዴት አታውቅም?»

«ጠይቃኝ ነበር። ያንኑ ቀን፣ ቤት እንደገባሁ። የለም አልኳት።»

እጇን ከጉንጬ ላይ አነሳች። መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና መስኮቱን አየች።

«ሁለት ጊዜ መጥታ ያንኳኳችው…» አለች በመጨረሻ። «እዚህ በር ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ውስጥ ቁጭ ብዬ እየሰማኋት ነበር። ‹እህቴ፣ ምን አደረግኩሽ› ስትል። ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ነው ያንኳኳችው?»

«አዎ» አልኳት።